በእኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ

ካርቱም ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት እጄ ገብቶ ሳይሠራ የወጣ ዕቃ ጥቂት ነው። ራዲዮ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የውሃ ፓምፕ፣ በኋላም ኮምፒውተር ጠግኛለሁ። ለአንዱም አስተማሪ አልነበረኝም። ዐረብኛ ማንበብ የተማርኩት ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ነጋዴዎች ሚስማርና ብሎን ከሚጠቀልሉበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ያገኘሁት ከራዲዮ መጠገኛ መጻሕፍት ስለሆነ፣ ሰላምታ መስጠት ሳልችል የትራንዚስተር ዓይነቶችን በስም እጠራ ነበር። ኮምፒውተርን ደግሞ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን ማሽን ፈታትቼ መልሼ በመግጠም ተማርኩ። ስገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈኝ፤ ማሽኑ ግን ሠራ። ብሎኖቹን እስከ ዛሬ አስቀምጫቸዋለሁ።

ይህን የምናገረው ለመኩራራት ብቻ አይደለም፤ መኩራራቱንም አልጠላውም። ቀጥዬ የምጽፈው ነገር እንዴት እንደደረሰ ግን ያለዚህ አይገባም። ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ በኋላ የማነሣትን ሴት እንደ እኔ አይበድላትም ነበር።

ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት ነው። ማኅበራችን ከሱቅ ዐረቢ ጀርባ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው የሴቶቹ የኢቃማ ጉዳይ ነበር። በየሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን፣ አብዛኞቹ የወሎ ልጆች፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ካልታደሰ አገራቸው ደርሰው መመለስ አይችሉም፤ ከሄዱ ሄዱ ነው። ማኅበሩ ስማቸውን እየመዘገበ ለእያንዳንዷ የተራ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ከዚያ በተወሰነ ቀን ሃያ ሃያውን በአንድ አውቶቡስ ጭኖ ወደ ፈቃድ መስጫው ይወስዳል። ተራዋ በደረሰ ቀን ያልተገኘች ወደ መጨረሻ ትመለሳለች። ደንቡ ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ያለ ደንቡ ደረጃው ላይ በየሳምንቱ ጸብ ነበር።

የተራው ዝርዝር ድሮ በር ላይ ይለጠፍ ነበር። ዓርብ የዕረፍት ቀናቸው ስለሆነ ሴቶቹ መጥተው ያዩታል፤ ያልተመቻት ጓደኛዋን ትልካለች፤ ማንበብ የማትችለው ለምታነብ ቁጥሯን ትናገራለች። በኋላ አንድ ወጣት ለማኅበሩ ድረ ገጽ ሠራና ዝርዝሩ እዚያም መውጣት ጀመረ። ወጣቱ ወደ ግብጽ ሲሄድ ድረ ገጹ ያለ ጠባቂ ቀረ። የተቀመጠበት ሰርቨርም ሊዘጋ መሆኑ ተነገረን። ኮሚቴው ተሰብስቦ ማን ይሥራው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ባይዞሩ ኖሮ እከፋ ነበር።

በሰባ ዓመቴ ድረ ገጽ ሠራሁ። ከወጣቱ የተሻለ ሠራሁት፤ ይህን አሁንም እላለሁ። ፊደሉን አሳደግሁት፣ የተራ ዝርዝሩን ከሁሉ በላይ አደረግሁት፣ አናቱን አረንጓዴ ቀባሁት። አዲስ ሰርቨር ላይም አስቀመጥኩት። የቀረው ስሙን ማዛወር ብቻ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ድረ ገጽ ስምና ቤት አለው። ስሙን ሰዎች ያውቁታል፤ ቤቱ ግን ቁጥር ነው። ድረ ገጹ ቤት ሲቀይር፣ ስሙ ከተመዘገበበት ቦታ ተገብቶ አዲሱ ቁጥር ይሰጣል፤ ለውጡም ዓለምን እስኪያዳርስ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ስሙን የሚጠራ ሁሉ የሚሄደው ወደ አሮጌው ቤት ነው። እኔ ደግሞ ስሙ ከመዛወሩ በፊት አዲሱን ቤት በዚያው ስም ገብቼ ማየት ፈለግሁ። አንዲት ማያያዣ ብትሰበር፣ አንድ ሥዕል ቢጠፋ፣ ሰው ሳያይብኝ ላስተካክል ብዬ ነው።

ለዚህ ብልሃት አለው። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ማንም የማይከፍታት አንዲት ትንሽ ፋይል አለች። ኮምፒውተሩ የአንድን ስም ቤት ከውጭ ከመጠየቁ በፊት እሷን ያያል። እዚያ ላይ ቁጥሩንና ስሙን በአንድ መስመር ከጻፍክለት ያምንሃል፤ ሌላ ማንንም አይጠይቅም። ይህን ያገኘሁት ከአንድ የእንግሊዝኛ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ለብቻዬ ፈልጌ ነው። የጻፈው ሰው በመጨረሻ፣ አይተህ ስትጨርስ መስመሯን ማጥፋት እንዳትረሳ ብሏል። አንብቤዋለሁ። ለሚረሳ ሰው የተጻፈ መሰለኝ።

መስመሯን ጻፍኩ፣ ስሙን ጠራሁ፣ አረንጓዴው ገጽ ከነሙሉ ክብሩ ወጣ። ሊቀ መንበሩንና ጸሐፊውን ጠርቼ በላፕቶፔ አሳየኋቸው። ሊቀ መንበሩ መነጽሩን እየጠረገ ሁለት ጊዜ ተመለከተውና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጸሐፊው የቀድሞ አስተማሪ ነው፤ በቀላሉ ሰው አያመሰግንም። እሱም ቢሆን የዛሬ ልጆች ከአንተ ይማሩ አለ።

በዚያው ቀን፣ ምስጋናው ገና በጆሮዬ እያለ፣ ስሙን ለማዛወር ገባሁ። አዲሱን ቁጥር ሞላሁ፣ ተጫንኩ፤ ለውጡ እስከ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል የሚለውን አነበብኩና ዘጋሁት። ከሥሩ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ የማረጋገጫ መልእክት በኢሜይል ተልኮልሃል፣ እሱን ከፍተህ እስክትጫን ለውጡ አይጸናም። ያችን አላነበብኳትም። ከጋዜጣ መጠቅለያ ላይ ቋንቋ የተማርኩ ሰው፣ ከዐይኔ ሥር ያለችውን ዓረፍተ ነገር አለፍኳት።

በሁለተኛው ቀን ላፕቶፔን ከፍቼ ስሙን ጠራሁ። አረንጓዴው ገጽ ወጣ። ይወጣል እንጂ፤ ያች መስመር አለችበት። እኔ ግን ረስቻት ነበር። ተዛውሯል ብዬ ለኮሚቴው አስታወቅሁ። ጸሐፊው አዲሱን ዝርዝር አዘጋጅቶ ሰጠኝ፤ አወጣሁት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ጨመርኩ። በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በእጄ ገንጥዬ አነሳሁት። በዚህ ዘመን በር ላይ ወረቀት ያሳፍራል አልኩ። ጸሐፊው ትንሽ አመነታ፤ ሁሉም ስልክ አላቸው አልኩት።

የመጀመሪያው ዓርብ ደረጃው ሞላ። ሴቶቹ ባዶውን በር እያዩ ይጠይቃሉ፤ እኔም ከክፍሉ እየወጣሁ በስልካችሁ ተመልከቱ እላለሁ። ከመሐላቸው አንዷ ከካርቱም ዳር ሶባ ውስጥ አንድ ቤት የምትሠራ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት የወሎ ሴት ነበረች። ነገሯን ደረጃው ላይ ያልሰማ አልነበረም፤ እኔም ሰምቻለሁ። ልጇን በስድስት ዓመቷ ለእህቷ ትታ ነው የመጣችው። ያች ልጅ በሚቀጥለው ወር ልትዳር ነበር። ኢቃማዋ ከታደሰ የቤቷ እመቤት ሃያ ቀን ልትፈቅድላት ቃል ገብታለች፤ ካልታደሰ ግን ሠርጉም የለም። ለልጇ የገዛችውን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጎናጸፉትን፣ እንኳ ጓደኞቿ አይተውታል፤ ወርቅማ ጥለት አለው ይላሉ።

እሷ ከሶባ በሁለት ሐፍላ፣ በሁለት የከተማ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ከዓርብ ዕረፍቷ ግማሹን መንገድ ላይ ጨርሳ መጣች። ተራዋን ጠብቃ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«አባባ፣ የሚወጣው ያለፈው ወር ዝርዝር ነው» አለችኝ።

ሳቅሁ። ክፍሉ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ነበር፤ ለእነሱም እንዲሰማ ነው የሳቅሁት። ላፕቶፔን ወደ እሷ አዞርኩት። ይኸው፣ ዓለም ሁሉ የሚያየው ይህን ነው አልኳት። ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ብላ ስልኳን አየች። በእሷ ላይ ይህ አረንጓዴ እንደሌለ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«ስልክሽ እንደ ሽማግሌ ነው» አልኳት። «አንዴ ያየውን ይዞ አዲስ ነገር አልቀበልም ይላል።»

ሁሉም ሳቁ። እሷም በቶቧ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ስልኳን ተቀብዬ ስለ ስልክ ትውስታ፣ ስለ አሮጌ ገጽ፣ ስለ ሸበካው፣ ማለትም ስለ ኔትወርኩ መዳከም አስረዳኋት። ጥሩ ነው የማስረዳው፤ ብዙ ሰው ይህን መስክሮልኛል። ያሉትን አሮጌ ገጾች አጠፋሁላት፣ ስልኩን ዘግቼ ከፈትኩት። ያው አሮጌው ዝርዝር ወጣ። ሸበካው ነው፣ ሶባ ስትደርሺ ይስተካከላል አልኳት።

ስልኳን ተቀብላ አልሄደችም። እጇን በእጇ ይዛ ቆመች።

«ታዲያ ተራዬ ደርሶ ከሆነ ብዬ ነው እኮ፣ አባባ።»

አሁን ሳስበው ጆሮዬን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ቁጥሯን ለመጠየቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ዝርዝሩ በፊቴ ተዘርግቷል። በኋላ እንዳየሁት ቁጥሯ ከላይ ሦስተኛው ነበር፤ ቀኑም ሰኞ፣ ከሦስት ቀን በኋላ። እኔ ግን ስልኳ ትክክል ሊሆን እንደማይችል ማሳመኑን ይዤ ነበር። ደግሞም ሰው ሁሉ እንደ እኔ ራሱን ያስተምር የሚል እምነት ነበረኝ።

«እኔን ማንም አላስተማረኝም» አልኳት። «አንቺም ራስሽ ከፍተሽ እይው። ያኔ ለሁልጊዜ ይሆንሻል።»

ኢንሻአላህ ብላ ወጣች። ከኋላዋ ያለችውን ግቢ አልኩ። የዚያችኛዋም ስልክ ሽማግሌ ነበር። እስከ ማታ ድረስ ቀልዷን ለስንቱ እንደደጋገምኳት አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ከሃያዎቹ የመጡት አራት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ጸሐፊው ሱቅ ውስጥ አግኝቶ በቃል የነገራቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። የአውቶቡሱ ሹፌር ያላ፣ ያላ እያለ ጥሩንባውን ይነፋል። በመጨረሻ አውቶቡሱ አራቱን ይዞ ሄደ። ጸሐፊው በጣም ተናደደ። ሰነፎች ናቸው፣ በስልካቸው ዘፈን እንጂ ዝርዝር አያዩም አለ፤ በሚቀጥለው ዓርብም ደረጃው ላይ ቆሞ ይህንኑ ፊት ለፊት ነገራቸው። እኔም ከጎኑ ቆሜ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ።

አሥራ ስድስቱ ወደ ተራው መጨረሻ ተመለሱ። ከእነሱ አንዷ የሶባዋ ሴት ነበረች። የሚደርሳት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ሠርጉ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

በዚያው ሰሞን አሮጌው ሰርቨር ተዘጋ። ጸሐፊው ክፍሌ መጥቶ ገጹ ጨርሶ አይከፈትም አለኝ። ላፕቶፔን አሳየሁት፤ ይከፈታል። ስልኩን አሳየኝ፤ አይከፈትም። አስተማሪ ነውና ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፣ እንደሚታረም ደብተር።

«አንድ ስም፣ ሁለት መልስ» አለ። «የቱ ነው የሚዋሸው?»

አፌ የተከፈተው ሸበካ ለማለት ነበር። ቃሉ ሳይወጣ ያች መስመር ታወሰችኝ። እስቲ ልየው ብዬ ጸሐፊውን ሸኘሁትና በሩን ዘጋሁ። ፋይሏን ከፈትኳት። መስመሯ አለች። አጠፋኋትና ስሙን ጠራሁ። ላፕቶፔም እንደ ሁሉም ስልክ፣ ገጹ አልተገኘም አለኝ። ለሁለት ሳምንት ያን ድረ ገጽ በዓለም ላይ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ኢሜይሌን ስከፍት የማረጋገጫው መልእክት ሳይከፈት ተቀምጧል። ተጫንኩት። በማግስቱ ገጹ በሁሉም ስልክ ላይ ወጣ።

ጸሐፊው ምን ሆኖ ነው ሲለኝ፣ የውጭው ኩባንያ ስሕተት ነው አልኩት። እኔ ጽፌ አስተካከልኳቸው አልኩት። ይህን ስል አላቅማማሁም። ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ፤ ይህ ሰው ባይኖር ምን እንሆን ነበር አለ። በሕይወቴ ብዙ ምስጋና ተቀብያለሁ፣ አብዛኛው ይገባኝ ነበር። የዚያን ቀኑን አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት፤ እነሱ ትሕትና መሰላቸው።

ለሶባዋ ሴት በስውር ሞከርኩ። ጸሐፊውን በልዩ ሁኔታ ትግባ ብዬ ለመንኩት። ለአንዷ ከተደረገ አሥራ አምስቱ ምን ይላሉ አለኝ። እውነቱን ብነግረው አሥራ ስድስቱንም ለማስገባት ምክንያት ይሆነው ነበር። አልነገርኩትም። ሠርጉ እንዲራዘም እሷ ወደ አገር ቤት ደውላ እንደነበር፣ የወንዱ ወገኖች ድግሱ ተጠንስሷል ብለው እምቢ እንዳሉ ከሌሎች ሰማሁ።

ሠርጉ ባለፈ በመጀመሪያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ መጣች። በትንሽ ፌስታል ተምር ይዛለች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና ቆመች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው። ያን ቀን በሰው ፊት ተከራከርኩዎት፣ አሁን ገጹ በስልኬ ላይ ወጣ፣ እርስዎ እንዳሉት ስልኬ ነበር ማለት ነው፤ ማዓሌሽ አለችኝ። ልጇን በስልክ እንዳየቻት፣ ሙሽራዋ መሐል ላይ ተቋርጣባት እንደነበር፣ ቶቡን ለሰው እንደላከችው ነገረችኝ። አላለቀሰችም። እንዲያውም እኔን ታጽናናኝ ጀመር፤ አብሽሩ አባባ፣ የአላህ ነገር ነው አለች።

ተምሩ ፊቴ ባይቀመጥ ኖሮ ዝም እል ነበር ይመስለኛል። ስለ ራሴ የማውቀውን እናገራለሁ።

ስልክሽ አልነበረም አልኳት። ያች መስመር ምን እንደሆነች፣ እንዴት እንደረሳኋት፣ ኢሜይሉን እንዴት እንዳልከፈትኩ ነገርኳት። ግማሹ የገባት አይመስለኝም። ከተናገርኩት ሁሉ የያዘችው ዝርዝሩ ያን ቀን በእኔ ማሽን ላይ እንደነበረ ብቻ ነው።

«ያኔ ሲያሳዩኝ ቁጥሬ እዚያ ላይ ነበር?»

«ነበር። ሦስተኛው።»

ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ተዘግቶ ነበር።

«ያኔ ቁጥርሽ ስንት ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

አስተማሪ የሌለው ሰው የሚያርመው የለም፤ በዕድሜዬ ሁሉ የኮራሁበት ነገር ይኸው ነበር።

ይቅር በይኝ አልኳት። እሱን ማለት ያለብኝ ለእሷ ብቻ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ጸሐፊው ደረጃው ላይ ሰነፎች ብሎናል፣ እርስዎም ከጎኑ ነበሩ አለች። ድምጿን አላነሳችም።

«እነሱ ደረጃው ላይ ናቸው፣ አባባ። አሁንም አሉ።»

ወደ በሩ ሄደች፤ ግን አልወጣችም፣ በሩን ከፍታ ይዛ ጠበቀችኝ። ተነሣሁ። ከወንበሬ እስከ ደረጃው አሥር እርምጃ አይሆንም፤ ካርቱም ውስጥ ከሄድኩት መንገድ ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው በሌላው ክፍል በር ላይ ናቸው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ የውጭ ኩባንያ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ስልኮቻቸው ሁሉ ትክክል እንደነበሩ፣ ስስቅባቸው የነበረው በከንቱ እንደሆነ ተናገርኩ። ጥሩ ተናጋሪ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ቃላቱ እንደ ጠጠር ነበር የሚወጡት። ስጨርስ አንዲት ወጣት ከታችኛው ደረጃ፣

«እና ሽማግሌው ማን ሆነ?» አለች።

ሳቁ። ሊቀ መንበሩ ሳይቀር። የሶባዋ ሴት አልሳቀችም።

ጸሐፊው ለሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን አሥራ አምስቱን በሚቀጥለው አውቶቡስ እንደሚያስገባ፣ አሥራ ስድስተኛዋንም እንዲሁ፣ ለእሷ ግን እንደዘገየ ነገረኝ። ከኃላፊነቱ አላነሱኝም፤ የሚተካኝ ስላልነበረ ነው፣ ይህንንም ነግረውኛል። እኔ ራሴ ዝርዝሩን በትልልቅ ፊደል ጽፌ በሩ ላይ መልሼ ለጠፍኩት። የገነጠልኩት ወረቀት ማዕዘን ሙጫው ላይ ቀርቶ ነበር፤ በላዩ ለጠፍኩበት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት ስልኳን ይዛ ስትመጣ ከአፌ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ቁጥርሽ ስንት ነው የሚል ነው።

የአውቶቡሱ ቀን ሲቆረጥ ማንም ሳያዘኝ ለእያንዳንዷ ደወልኩ። ለሶባዋ ሴት በመጨረሻ ደወልኩ፤ ፈርቼ ነው። ከኋላዋ የሰሐን ድምፅ ይሰማል። ሰላም ካልኳት በኋላ ተራዋ እንደደረሰ፣ ቀኑም ሰኞ እንደሆነ ነገርኳት።

«አይቼዋለሁ» አለችኝ። «በስልኬ።»

ሰሐኖቹን እየደረደረች ይመስለኛል፣

«ለማንኛውም በሩ ላይም አለ ወይ?» አለች።

አለ አልኳት። ሹክረን ብላ ዘጋችው።